ኮፒ የአየር ማስገቢያ ዕቃ አልገጥም አለኝ፤ ቤት ውስጥ በሞረድና በሙቀት ማስተካከል ያዋጣል?

ኮፈን ክፍት፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የመኪናዬ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ሽብሽቡ ጋ ተሰንጥቋል። የፊልትሮው ሳጥንም ከታች በኩል ክሊፕ የሚይዙ ሁለት ጆሮዎቹ ተሰብረዋል። ኦሪጅናሉ በቀላሉ አልገኝ ስላለኝ ኮፒ ገዛሁ። ሙሉውን ነው የሚሸጡት፤ የታችኛው ሳጥን፣ ክዳኑ፣ ከዚያ እስከ ስሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው በር) የሚሄደው ቱቦ። ከሩቅ ሲያዩት ቁርጥ ኦሪጅናሉን ነው። ልገጥመው ስል ግን ጉዱ ወጣ።

ሦስት ቦታ ላይ ነው ያስቸገረኝ። አንደኛ፣ ሳጥኑን ከመኪናው ጋር ከሚያስሩት ሦስት ቀዳዳዎች ሁለቱ ልክ ናቸው፣ ሦስተኛው ግን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ስቷል። ቡሎኑን አንጋድጄ በጉልበት ካላስገባሁት አይያዝም። ሁለተኛ፣ ክዳኑ አንዱ ጥግ ላይ አይዘጋም። ጥፍሬ የሚገባበት ክፍተት አለው፣ እዚያ ጋ ያለውን ክሊፕ ጫን አድርጌ ስዘጋው ደግሞ ከማዶ ያለው ጥግ ብድግ ይላል። ሦስተኛ፣ ከሞተሩ ክዳን ላይ የሚመጣው ቀጭኑ የመተንፈሻ ቱቦ አዲሱ አፍንጫ ላይ ሲሰካ ይላወሳል።

ሻጩን ስጠይቀው «ትንሽ ነካ ነካ ካደረግከው ይገባል» ነው ያለኝ። ሞረድ አለኝ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ትራፓኖም አለ፣ የሙቅ አየር ማሽን ከጓደኛ መዋስ እችላለሁ። የቱን ቦታ ብነካው ችግር የለውም፣ የቱን ነው ጨርሶ የማልነካው? ፕላስቲኩን አሙቄ ባቃናው ይይዛል ወይስ ሞተሩ ሲግል ወደነበረበት ይመለሳል? ክፍተቱን በሲልኮን መድፈንስ? መኪናው ቤንዚን ነው፣ ቱርቦ የለውም።

ዝም ብለህ ንዳ፦

ሲልኮን ለቅለቅ አድርግበትና ክሊፑን ዘግተህ ንዳ። ፕላስቲክ ነው እኮ፣ ፍሬን አይደለም።

ባለ ካሊብሮ፦

ፍሬን አለመሆኑ ልክ ነው። ግን ወንድሜ፣ ሲልኮኑን ከማንሳትህ በፊት አየሩ የሚያልፍበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስበው። የት ትነካለህ፣ የት አትነካም የሚለው መልስ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ከአፉ እስከ ፊልትሮው ያለው ቆሻሻው ወገን ነው። እዚያ ቀዳዳ ቢሰፋ፣ ጠርዝ ቢሞረድ፣ ትንሽ ክፍተት ቢኖር ሞተሩ ጉዳዩም አይደለም። የሚገባው አየር ገና በፊልትሮው ያልፋላ። ቢበዛ የሞተሩን ትኩስ አየር ትስባለህ ወይም ድምፁ ትንሽ ይቀየራል።

ከፊልትሮው እስከ አየር መለኪያ ሴንሰሩ ያለው ሌላ ነው። እዚህ ክፍተት ካለ መብራት አይበራም፣ ሞተሩም አይንቀጠቀጥም፣ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። አቧራው ግን ሳይጣራ ይገባል። በአቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ደግሞ የፒስተን ቀለበቱንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። ምልክት የሚታይህ ዘይት መብላት ሲጀምር ነው፣ ያኔ ደግሞ የፕላስቲክ ወሬ አይደለም የምናወራው። ከሦስቱ አብልጬ የምፈራው ይሄንን ነው።

ከሴንሰሩ እስከ ስሮትል ባለው መንገድ የሚገባ አየር ደግሞ ሳይቆጠር የገባ አየር ነው። ኮምፒውተሩ ስለማያውቀው ነዳጅ አይመድብለትም። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራና ስታስነብበው ፒ0171 የሚለውን የሳሳ ድብልቅ ኮድ ይሰጥሃል። ይሄኛው ቢያንስ ይጮሃል።

ወደ አንተ ስንመጣ፣ የሳተው ቀዳዳ ቆሻሻው ወገን ላይ ስለሆነ እንደፈለግክ ሞርደው። ክዳኑ ግን ሁለተኛው ውስጥ ነው፤ ያሳስበኛል። የመተንፈሻው አፍንጫ ሦስተኛው ውስጥ ነው፣ ጥብቅ ማለት አለበት።

ክዳኑን ከመንካትህ በፊት ፊልትሮውን አውጣና ባዶውን ዝጋው። ባዶውን ግጥም ካለ ጥፋቱ የክዳኑ ሳይሆን የፊልትሮው ነው፤ የዙሪያው ላስቲክ ወፍሯል ወይም ፊልትሮው የሌላ ሞዴል ነው። ባዶውንም ካልዘጋ ክዳኑን ገልብጠህ መስታወት ላይ አስቀምጠው። በአንድ ጥግ ስትጫነው ከተንገዳገደ ጠሟል ማለት ነው። ካልተንገዳገደ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ የሆነ ነገር እያነቀው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ሞልድ የቀረ ትርፍራፊ ፕላስቲክ ነው።

ሌላ ሁለት ነገር ንገረን። ፕላስቲኩ ላይ ምን ተጽፏል? ሴንሰሩስ የሚቀመጠው ክዳኑ ላይ ነው ቱቦው ላይ?

እህተ ሞተር፦

የሲልኮኑን ነገር እኔ ልጨርሰው። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ተራ ሲልኮን ሞተር ውስጥ በሚሳብ አየር አጠገብ አይደረግም። ተኑ ከተሳበ የኦክስጅን ሴንሰሩን ሊያበላሽ ይችላል። ሴንሰር እንደማይጎዳ ተጽፎበት የሚሸጥ አለ፣ ግን እሱም ቢሆን እዚህ ቦታ አልመክረውም። አብዛኛው የፊልትሮ ሳጥን ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ) ነው፤ ፒፒ ላይ ደግሞ ሲልኮን አይጣበቅም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ። ሞተሩ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይላቀቅና ቁራጩ በንጹሁ ወገን ከሆነ ወደ ስሮትል ይሄዳል። ደግሞስ ፊልትሮ በቀየርክ ቁጥር ሳጥኑን በቢላ ልትከፍተው ነው?

ሱፐር ግሉና ማስቲሽም ፒፒ ላይ ያው ናቸው፣ ከደረቁ በኋላ በጥፍር ይላጣሉ። ፒፒ የሚያያዘው በብየዳ ነው፣ ያውም በራሱ በፒፒ ዘንግ። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ቢሆን አሴቶን ያሟሟዋል፣ እሱ በቀላሉ ይጣበቃል። ግን ኤቢኤስ ወደ 105 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሚለሰልስ ኮፈን ስር ባየው ደስ አይለኝም።

ስለ ማሞቅ የጠየቅከው ጥሩ ጥያቄ ነው። ፒፒ የሚቀልጠው ከ160 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ናይለኑ፣ ማለትም ፒኤ6 የሚባለው ወደ 220፣ ፒኤ66 ደግሞ ወደ 260 ድረስ ይሄዳል። ትንሽ ለጠመመ የፒፒ ክዳን የፈላ ውሃ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ምንም ብታደርግ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ አታቃጥለውም። የጠመመውን ጥግ ንከረው፣ በደንብ ይሙቅ፣ አውጥተህ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ እሰረው። ስትፈታው ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው 1 ወይም 2 ሚሊ አሳልፈህ ነው የምታስረው። ዋናው ነገር ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ አለመፍታት ነው። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚቸኩለው።

በሙቅ አየር ማሽን ከሆነ አፉን አንድ ቦታ አታቁመው፣ ራቅ አድርገህ እያንቀሳቀስክ። የፕላስቲኩ ፊት ማብለጭለጭ ከጀመረ ሊቀልጥ ነውና ወዲያው አንሳው። ወደነበረበት ይመለሳል ወይ ላልከው፣ በደንብ ሞቆ የተቃና ፕላስቲክ ኮፈን ስር ያለው ሙቀት ካቃናህበት ሙቀት እስካነሰ ድረስ ቅርጹን ይይዛል። ለብ አድርገህ በጉልበት ያጎበጥከው ግን አዎ፣ አንድ ትኩስ ቀን ይበቃዋል።

ጽሑፉን የምታገኘው ከውስጥ ወይም ከስር ነው፣ ሁለት ቀስት መሰል ምልክቶች መሐል ላይ። ፒኤ66 ጂኤፍ30 ካለ 30 ከመቶ የመስታወት ክር ያለበት ናይለን ነው። እሱን በፈላ ውሃ ለማቃናት አትድከም። ስትሞርደው ደግሞ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም።

ኮፈን ክፍት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ያላችሁትን አየሁ።

ሳጥኑና ክዳኑ ላይ ፒፒ ቲዲ20 ይላል። ቱቦው ላይ ምንም አልተጻፈም። ክዳኑ ያለ ፊልትሮም አይዘጋም። መስታወት ላይ ሳስቀምጠው ይንገዳገዳል፣ ከዚህም ሌላ ከኋላ በኩል ክዳኑ የሚሰካበት ቦይ ውስጥ ስል የሆነ ትርፍራፊ ፕላስቲክ አለ። ሁለቱም ችግር አለበት ማለት ነው።

ሴንሰሩ የሚቀመጠው ክዳኑ አንገት ላይ ነው። የአንገቱን ውስጥ በካሊብሮ ለካሁት፤ አሮጌውም አዲሱም 70 ሚሊሜትር ነው፣ እዚህ ላይ ተመስገን። ግን አንድ ነገር አየሁ። ሴንሰሩ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ መቀመጫ አዲሱ ላይ ወደ 2 ሚሊ ከፍ ይላል። ሴንሰሩን ሳስቀምጠው በቡሎን ይታሰራል፣ ኦሪንጉም ይይዛል፣ ግን ወደ ውስጥ የሚገባው ከአሮጌው ያነሰ ነው። ይሄ ለውጥ ያመጣል?

እህተ ሞተር፦

ፒፒ ቲዲ20 ማለት 20 ከመቶ የታልክ ዱቄት የተጨመረበት ፒፒ ነው። ከንጹሁ ፒፒ ጠንከር፣ ደረቅ ይላል። በውሃ ይቃናል፣ ግን በብርዱ ካጎበጥከው ጠርዙ ጋ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሞረድ ላይ ደግ ነው፣ ደርቆ ነው የሚወርደው፣ አይላቀጥም።

ባለ ካሊብሮ፦

ያመጣል እንጂ። ጥሩ ዓይን አለህ፣ ብዙ ሰው ዲያሜትሩን ለክቶ ይተዋል።

ይሄ ሴንሰር በአንገቱ ውስጥ የሚያልፈውን አየር ሁሉ አይለካም። በትንሿ መስኮቱ የምታልፈዋን ብቻ ለክቶ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። ስሌቱ የተሠራው ለአንድ አንገት ስፋትና ለአንድ ጥልቀት ነው። አየር ደግሞ ቱቦ ውስጥ እኩል አይሄድም፣ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ግድግዳው ጋ ይዘገያል። ሴንሰሩ 2 ሚሊ ወደ ግድግዳው ከቀረበ የዘገየውን ያነባል፤ ከእውነተኛው ያነሰ አየር ገባ ብሎ ያነሰ ነዳጅ ያሰጣል።

ዲያሜትሩ ቢለያይም ያው ነው። 70 የነበረው 72 ቢሆን ለዓይን ምንም አይመስልም፣ ግን ስፋቱ ወደ 6 ከመቶ ይጨምራል፣ አየሩ በዚያው ልክ ይዘገያል። ለዚህ ነው ከሴንሰሩ አንገት ውስጥ ሞረድም ብርጭቆ ወረቀትም አይግባ የምለው። ፊት ለፊቱ ወንፊት ካለውም አትንቀለው፤ ለጌጥ አይደለም፣ አየሩን ቀጥ አድርጎ ለሴንሰሩ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ዝም ብለህ ንዳ፦

እሺ እኔ ተሸነፍኩ በሲልኮኑ። ግን ያቺን 2 ሚሊ ከላይ ሞርዶ ማውረድ አይቻልም? መቀመጫው እኮ ከውጭ ነው ያለው።

ባለ ካሊብሮ፦

ይቻላል፣ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን መቀመጫው አንድ ወገን እንኳ ካዘነበለ ሴንሰሩ ጠሞ ይቆማል፣ መስኮቱም አየሩን በግድም ያየዋል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተህ እንዳትፍቀው ደግሞ አንገቱ ክብ ስለሆነና ክዳኑ ትልቅ ስለሆነ አይመችም፤ በእጅ ሞረድ ነው የሚሆነው። የቡሎኑ ቀዳዳ ጥልቀትም አብሮ ያንሳል። እጁ የረጋ ሰው ይሠራዋል። እኔ ግን ሌላ መንገድ ሳለ አልጀምረውም።

ዳዶ አጥባቂ፦

ሳነብ ቆየሁና አንድ ነገር አልገባኝም። አሮጌው ላይ የተሰበረው ምኑ ነው? ቱቦው ሽብሽቡ ጋ፣ የታችኛው ሳጥን ደግሞ ጆሮዎቹ ጋ ብለሃል። ክዳኑ ምን ሆነ? ክዳኑ ደህና ከሆነ አዲሱን ክዳን ለምን ትጠቀማለህ? አሮጌውን ክዳን ከነሴንሰሩ፣ አዲሱን የታችኛውን ሳጥንና አዲሱን ቱቦ አድርግ። ሙሉውን ስለገዛህ ሙሉውን ግጠም ያለህ የለም።

ኮፈን ክፍት፦

ኧረ አንተ ሰው! ክዳኑ ምንም አልሆነም። ክሊፖቹም እሱ ላይ ናቸው፣ አራቱም ይሠራሉ። አሁኑኑ ወርጄ ልሞክረው።

ኮፈን ክፍት፦

ሞከርኩት። አሮጌው ክዳን አዲሱ ሳጥን ላይ ሦስቱ ጥግ ግጥም አለ። የቀረው ከኋላ በኩል ነው፤ የክዳኑ ምላሶች በሳጥኑ ቦይ ውስጥ እስከ መጨረሻው አይገቡም። ሳጥኑ ላይም ያው ትርፍራፊ አለ። ይሄን በምን ላንሳው?

ባለ ካሊብሮ፦

ዳዶ አጥባቂን አንድ ቡና ይገባዋል።

ለቦዩ ሞረድ አያስፈልግህም። ስለት ያለው ትንሽ ቢላ ወስደህ ትርፉን ብቻ ላጠው፣ አትቁረጠው። ከእውነተኛው ግድግዳ የሚለየው ስስ ስለሆነ ነው፣ ብርሃን ስታሳየው ያሳልፋል። ወፍራሙ ጋ ስትደርስ አቁም። ምላሶቹን እየሰካህ እያየህ ሂድ፣ አንዴ ካነሳኸው አትመልሰውም።

ሲዘጋልህ እውነት መዝጋቱን በጠመኔ አረጋግጥ። የክዳኑን የውስጥ ጠርዝ ዙሪያውን ጠመኔ ቀባው፣ ፊልትሮውን አስገብተህ ክሊፖቹን ሁሉ ዝጋ፣ ከዚያ ክፈተው። የፊልትሮው ላስቲክ ላይ ነጩ መስመር ሳይቋረጥ ዙሪያውን መታየት አለበት። የተቋረጠበት ቦታ አቧራ የሚገባበት ነው። ስትጨርስ ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ አድርገው። ሌላው ዘዴ ማታ በክዳኑ አንገት በኩል ትንሽ መብራት አስገብተህ መጋጠሚያውን ከውጭ ማየት ነው። እኔ ጠመኔውን እመርጣለሁ፤ መብራት የሚያሳይህ ክፍተቱን ብቻ ነው፣ ጠመኔ ግን ላስቲኩ ላላ ብሎ የተቀመጠበትንም ያሳብቃል።

ቀዳዳውን በትራፓኖ አታስፋው። ፕላስቲክ ላይ የትራፓኖ ጫፍ ይነክስና አጠገቡን ይዞት ይነሳል። ክብ ሞረድ ተጠቀም። መጀመሪያ ሁለቱን ልክ የሆኑ ቡሎኖች ሳታጠብቅ ያዝ አድርጋቸው፣ ከዚያ ሦስተኛው በየት በኩል እንደሳተ ምልክት አድርግና ወደዚያ ብቻ ሞላላ አድርገው። ከሰፋ በኋላ የቡሎኑ ራስ እንዳይሰምጥ ሰፊ ሮንዴላ አድርግበት። ከኦሪጅናሉ ቀዳዳ ውስጥ የጎማ ቀለበትና በመሐሉ የብረት እጅጌ አለ አይደል? አውጥተህ አዲሱ ላይ ክተታቸው። ብረቱ ከሌለ ቡሎኑን ስታጠብቅ ፕላስቲኩን ትጨፈልቀዋለህ።

እንዳልከው አንጋድዶ በጉልበት ማስገባት ግን በፍጹም። ዛሬ ይያዛል፣ ነገር ግን ሁልጊዜ ተወጥሮ ነው የሚኖረው። ሙቀቱና ንዝረቱ ሲጨመርበት ቀዳዳው ጋ መሰንጠቁ አይቀርም።

እህተ ሞተር፦

የመተንፈሻውን አፍንጫ እኔ ልበል። ቀጥኗል ከማለትህ በፊት ፊቱን በጣትህ ዳብሰው። ሁለቱ የሞልድ ግማሾች የተገናኙበት ከጫፍ እስከ ሥር የሚሄድ ቀጭን ጠርዝ ይነካሃል። ኮፒ ዕቃ ላይ ይሄ ጠርዝ አይጸዳም። ቱቦውን ስትሰካው ጠርዙ ጎማውን ብድግ ያደርገውና ግራና ቀኙ ቀጭን ክፍተት ይቀራል፣ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ብታጠብቅም አየር ይስባል። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ርጥብ አድርገህ ዙሪያውን እየዞርክ አልስልሰው። በቁመቱ አትፈግፍገው፤ በቁመት የተጫረ መስመር ራሱ የአየር መንገድ ይሆናል።

ከዚያ በኋላም ከላላ ቱቦውን ቀይር። ሞተር ላይ የቆየ ጎማ አፉ ሰፍቶ ይደርቃል፣ ጥፋቱ የአፍንጫው ላይሆን ይችላል። አዲስ ስትገዛ ዘይት የሚችል ይሁን፤ የውሃ ቱቦ በዘይት ተን ያብጥና ይለሰልሳል። የኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልለህ እንዳታወፍረው፤ ሙጫው ሲግል ይቀልጥና ይንሸራተታል።

ይሄን ሁሉ ስትሠራ ዕቃው ከመኪናው ወርዶ ነው ታዲያ። ሴንሰሩን መጀመሪያ ንቀለውና ንጹሕ ቦታ አስቀምጠው፣ ውስጡን በእጅህም በጨርቅም እንዳትነካው። የስሮትሉን አፍ በጨርቅ ድፈነው። ደማቅ ቀለም ያለው ይሁን፣ ጥቁር ጨርቅ እዚያ ውስጥ ረስቶ ሞተር ያስነሳ ሰው አውቃለሁ። ሲያልቅ ሳጥኑንና ቱቦውን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበህ ጠብ የሚል ውሃ እስኪጠፋ አድርቃቸው። ብናኙ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ማራገፍ ብቻ አይበቃም።

ዳዶ አጥባቂ፦

ቱቦውን ካሰርክ በኋላ አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ የእጅ ፍሬኑም ተስቦ ነዳጅ ሰጠት ያድርግ። አንተ ቆመህ እይ። ሞተሩ በተቀመጠባቸው የጎማ ድጋፎች ላይ ይወዛወዛል፣ ሳጥኑ ግን ከአካሉ ጋር ስለታሰረ አይንቀሳቀስም። ልዩነቱን የሚውጠው ሽብሽቡ ነው። ሽብሽቡ ከመጀመሪያው ተወጥሮ ወይም ተጨምቆ ከታሰረ እዚያው ጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቱቦው ከባትሪው ወይም ከሌላ ነገር ጋር ቢያንስ የጣት ውፍረት ያህል ይራራቅ።

ፋሸታውንም አታንቀው። ፕላስቲክ አፍ ከመጠን በላይ ሲታነቅ ሞላላ ይሆናል፣ ከዚያ ባጠበቅክ ቁጥር ይብስበታል። ቱቦው በእጅህ ስታሽከረክረው እንቢ ካለ በቂ ነው።

ኮፈን ክፍት፦

ተጠናቀቀ መሰለኝ። ቦዩን በቢላ ላጥኩት፣ ምላሶቹ ቷ ብለው ገቡ። የጠመኔው ነገር በጣም ነው የረዳኝ፤ መጀመሪያ ከኋላ በኩል የጣት ስፋት ያህል ነጭ አልነበረም፣ አንዱ ምላስ ሥር ገና የቀረ ትርፍ ነበር፣ እሱ ሲነሳ መስመሩ ዙሪያውን ሞላ። ቀዳዳው በክብ ሞረድ ሞላላ ሆነ፣ ሮንዴላና የአሮጌው የብረት እጅጌ ገባበት፣ ቡሎኑ አሁን በጣት ነው የሚገባው። የአፍንጫው ጠርዝ እንደተባለው ነበር፤ አለስልሼው አዲስ ቱቦ አደረግኩ።

ሞተሩ ሲግል በስካነር አየሁት። የነዳጅ ማስተካከያው (ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነዳጅ፣ በመቶኛ) ሚኒሞ ላይ ሲደመር 3፣ በ2500 ዙር ሲደመር 2 ነው። ይሄ ደህና ነው?

ባለ ካሊብሮ፦

በጣም ደህና ነው። እስከ 5 ድረስ ማንም አይጠይቅህም፣ 10 ሲጠጋ ነው መፈለግ የምትጀምረው። ቁጥሮቹን ማንበብ ልመድ፣ የትኛው ቦታ እንደተበላሸ ይነግሩሃል። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር ከወረደ ከሴንሰሩ በኋላ አየር እየገባ ነው፤ ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ሌባው አየር ድርሻው ይበዛል፣ ዙር ሲጨምር ግን ይዋጣል። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ሞተሩ ሲጫን እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ሴንሰሩ አሳንሶ እያነበበ ነው፤ አዲሱን ክዳን ብትገጥመው ኖሮ የምትጠብቀው እሱን ነበር። ከሴንሰሩ በፊት ያለውን ክፍተት ግን ስካነርም አያሳይህም፣ ለእሱ ጠመኔህን ያዝ።

ጥቂት ቀን ከነዳህ በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ፋሸታዎቹን አንዴ ጫን ጫን አድርጋቸው። አዲስ ፕላስቲክ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይቀመጣል።

ዳዶ አጥባቂ፦

የተረፈውን ክዳን አትጣለው፣ ክሊፖቹ ለመለዋወጫ ይሆኑሃል።

እህተ ሞተር፦

አንድ ጥያቄ ብቻ። አዲሱ የታችኛው ሳጥን ዝቅተኛ ቦታው ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው? ኮፒዎቹ ላይ አንዳንዴ ይረሱታል። ዝናብ ሲገባ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ፊልትሮውን ያበሰብሰዋል።

ኮፈን ክፍት፦

ወርጄ በመብራት አየሁት። ክብ ምልክቱ አለ፣ ቀዳዳው የለም። አሮጌው ላይ 6 ሚሊ ነው። ሳጥኑን አውርጄ ከውጭ ወደ ውስጥ ልብሳው ወይስ ከውስጥ ወደ ውጭ?

እህተ ሞተር፦

ከውስጥ ወደ ውጭ ብሳው፣ ቀስ ባለ ዙር፤ ከስሩ እንጨት ደግፈው፣ ጠርዙ አይፈረከስብህም። ቆሻሻው ወገን ስለሆነ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለውም። ፊልትሮውን ከመመለስህ በፊት ግን ውስጡን ጥረገው።